ክምችት ሁሉ ብክነት አይደለም፤ በስፌት መኪኖች መካከል ያለው ግን ነው

ባሕር ዳር ውስጥ ትንሽም ትልቅም ነገር የሚያመርት ሰው ስታገኙ ወሬው ከዋጋ አይወጣም። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ላይ ብር በገበያ እንዲተመን ተወሰነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ክር፣ ዚፕ፣ ላሜራ፣ የማሽን መለዋወጫ፣ ሁሉም ተከትሎ ወጣ። አምራቹ ግን በዚያው ልክ መጨመር አልቻለም፤ የገዢው ኪስ ያው ነውና። አሁን ብዙ ሰው መጠየቅ የጀመረው እዚሁ ግቢ ውስጥ የሚባክነው ስንት ነው ብሎ ነው።

ጥያቄው ጥሩ ነው። መልሱ ግን ብዙ ጊዜ ተዘጋጅቶ ይመጣል። አሠራርን በትንሽ በትንሹ የሚያሻሽለውን የጃፓን ዘዴ፣ የካይዘንን፣ ሥልጠና የወሰደ ሰው ሰባቱን የብክነት ዓይነቶች በጣቱ ይቆጥርላችኋል፦ ከሚፈለገው በላይ ማምረት፣ መጠበቅ፣ ዕቃ ማመላለስ፣ ደንበኛ ያልጠየቀው ሥራ፣ ክምችት፣ ከንቱ እንቅስቃሴ፣ የተበላሸ ምርት። ክምችት ላይ ሲደርስ ልብስ የሚያሰፋው ባለ ሼድ ፈገግ ይላል። የአዲስ አበባ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ሠራተኞቹን ሥራ ሳያስፈታ ያቆየው ጥግ ላይ የደረደረው ጣቃ ነው። እሱን ብክነት በለው ቢሉት እንዴት ይስማማ?

እኔም ባለ ሼዱ ጋ ነኝ። ግን እስከ ግማሽ መንገድ ድረስ። ሼዱ ውስጥ ሁለት ዓይነት ክምችት አለ፤ እሱ የሚከራከረው ለአንደኛው ነው። ሁለተኛውን ብዙ ጊዜ አያየውም፤ መሀል ወለል ላይ ስለሆነ ሥራ ይመስላል።

መጀመሪያ ግን ትንሽ ወደ ኋላ። ይህ ብክነትን የመቀነስ ነገር ከቶዮታ መጣ ሲባል ሰው ሁሉ የሚያስበው መኪና ነው። ሥሩ ግን ሽመና ነው። ሳኪቺ ቶዮዳ የሚባለው ጃፓናዊ እ.ኤ.አ. በ1924 ለሥራ ያበቃው አውቶማቲክ የሽመና መኪና ክር ሲበጠስ በራሱ ይቆም ነበር። ሌላው መኪና ክሩ ተበጥሶም መሸመኑን ይቀጥላል፤ የተበላሸው ጨርቅ የሚታወቀው በኋላ ነው። የእሱ ሲቆም አንድ ሠራተኛ ብዙ መኪና መጠበቅ ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1929 የፈጠራ መብቱ ለእንግሊዙ ፕላት ብራዘርስ በ100,000 ፓውንድ ተሸጠ። ልጁ ኪቺሮ የአውቶሞቢል ሥራ የጀመረው በዚያ ገንዘብ ነው ይባላል። በ1953 ዓ.ም. ከጣሊያን የጦር ካሳ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ለተተከለባት ለባሕር ዳር ይህ ታሪክ ሩቅ አገር አይመስለኝም።

ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1950 ሊከስር አፋፍ ላይ ደርሶ ነበር። ሠራተኛ ቀነሰ፤ ሠራተኛው አደመ፤ ኪቺሮ ከኃላፊነቱ ለቀቀ። ታይቺ ኦኖ የተባለው መሐንዲስ ዛሬ ዓለም የሚያስተምረውን አሠራር ያዳበረው በዚያ ድህነት ውስጥ ነው። የአሜሪካኖቹን ያህል መጋዘን የሚሞላበት ብር የለም። ገበያው ጠባብ ነው፤ ደንበኛው ደግሞ ብዙ ዓይነት ይፈልጋል። ስለዚህ ቀጣዩ ሠራተኛ ሲጠይቅ ብቻ፣ የጠየቀውን ያህል ብቻ መሥራት የሚል ደንብ ወጣ። ከእጅ ወደ አፍ የሚኖር ፋብሪካ የወለደው ዘዴ ነው ማለት ነው። የእኛ ትንንሽ ሼዶች “ይሄ ለሀብታም ፋብሪካ ነው” ሲሉ የሚገርመኝም ለዚህ ነው።

ቢሆንም ቶዮታ ራሱ መጋዘን ሁሉ ይጥፋ አላለም። እ.ኤ.አ. የካቲት 1997 አይሲን በተባለ አቅራቢው ፋብሪካ እሳት ተነሳ። ለፍሬን የሚሆን አንዲት ትንሽ ዕቃ ከሞላ ጎደል ብቻውን የሚያቀርበው ይኸው ፋብሪካ ነበር፤ በእጅ ያለው ክምችት ደግሞ የሰዓታት ብቻ። የጃፓን የቶዮታ መስመሮች ለቀናት ቆሙ። እ.ኤ.አ. ከ2011ዱ የጃፓን የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ደግሞ ኩባንያው አቅራቢዎቹ ከሁለት እስከ ስድስት ወር የሚበቃ የኤሌክትሮኒክስ ቺፕ እንዲያስቀምጡለት አደረገ። እ.ኤ.አ. በ2021 ዓለም በቺፕ እጥረት ሲታመስ ቶዮታ ከብዙዎቹ ዘግይቶ የተቸገረው በዚህ ነው። የክምችት ጠላት የሚባለው ኩባንያ፣ ከቁጥጥሩ ውጭ ላለው ነገር ሲሆን አከማቸ።

ስለዚህ ጥግ ላይ ያለውን ጣቃ እንተወው። ክር፣ ቁልፍ፣ የመርፌ ፓኬት፣ መንገድ ቢዘጋ ወይ ዋጋ ቢንር ሥራ የሚያስቆመው ሁሉ፣ በልኩ ይቀመጥ። ወደ መሀል ወለሉ እንሂድ።

የተማሪ ዩኒፎርም የሚሰፋበትን ሼድ በነሐሴ ግቡበት። መጀመሪያ የምታዩት ሰው አይደለም፤ ክምር ነው። ቆራጩ ጠረጴዛ ሥር በገመድ የታሰረ የተቆረጠ ጨርቅ። ኮሌታ የምትሠራዋ ልጅ ጎን እስከ ጉልበቷ የደረሰ ፊትና ጀርባ። የጨርቁን ጠርዝ የሚሰፋው መኪና፣ ኦቨርሎኩ፣ ፊት ሌላ ክምር። ቁልፍ የሚተከልበት ጋ ማዳበሪያ ሙሉ። ሁሉም ሰው አቀርቅሮ ይሠራል፤ የሚቀልድ እንኳ የለም። ለመውሰድ ዝግጁ የሆነ ሸሚዝ ግን ስትጠይቁ፣ “ነገ ከሰዓት ተመለሱ” ነው መልሱ።

ይህ ለምን ሆነ? ቀላል ሒሳብ እንሥራ። ሸሚዙ አራት ሰው ጋ ያልፋል እንበል፤ እያንዳንዱ ለአንዱ ሸሚዝ ሁለት ደቂቃ ይፈጅበታል። ትዕዛዙ 30 ነው። እንደተለመደው ሠላሳውን ጨርሶ ለቀጣዩ የሚያስተላልፍ ከሆነ፣ አንዱ ሰፊ ጋ 60 ደቂቃ ይቆያል። አራቱ ጋ ሲያልፍ 240 ደቂቃ፤ አራት ሰዓት። አምስት አምስት አድርገው ቢቀባበሉስ? የመጀመሪያዎቹ አምስት ሸሚዞች በ40 ደቂቃ ያልቃሉ፤ ከዚያ በየ10 ደቂቃው አምስት ይወጣል፤ ሠላሳው በ90 ደቂቃ። አንድ በአንድ ቢሆን ደግሞ የመጀመሪያው በ8 ደቂቃ፣ የመጨረሻው በ66 ደቂቃ። ማንም እጁን አላፈጠነም። ሁለት ደቂቃዋ ያው ሁለት ደቂቃ ናት። ከአራት ሰዓቱ አብዛኛውን የበላው ሸሚዙ ተራ ሲጠብቅ ያለፈው ጊዜ ነው።

ጊዜው ብቻም አይደለም። ቆራጩ የኮሌታውን ቁጥር ተሳስቷል እንበል። በመጀመሪያው አሠራር ቀጣዩ ሰው ስህተቱን የሚያየው ከአንድ ሰዓት በኋላ፣ ሠላሳው ሁሉ ካለፈ በኋላ ነው። በአምስት አምስቱ ከሆነ በ10 ደቂቃ ይታያል፤ የተበላሸው አምስት ነው። የሳኪቺ መኪና በአንድ ክር ያደረገውን እዚህ የሚያደርገው የክምሩ ማነስ ነው። ሜትር ጨርቅ በዚህ ዋጋ በሚገዛበት ጊዜ በአምስትና በሠላሳ መካከል ያለው ልዩነት የትርፍና የኪሳራ ልዩነት ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ አንድ ሰፊ ቢያነበኝ “ወሬ ነው” ማለቱ አይቀርም። ትክክል ነው፤ እውነተኛው ሸሚዝ እኩል ሁለት ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ጎን መዝጋት ቶሎ ያልቃል። ኮሌታ ግን ይሰፋል፣ ይገለበጣል፣ ጫፉ በዱላ ይገፋል፣ ይተኮሳል፣ እንደገና ይሰፋል። ክምሩ ሁልጊዜ ኮሌታ ጋ የሚሆነው ለዚህ ነው። ብዙ ባለቤት የሚያደርገው ልጅቱን መቆጣት ነው። ጥፋቱ ግን የእሷ አይደለም፤ ሦስት ሥራ ለአንድ ሰው ተሰጥቶ ነው። መገልበጡንና መተኮሱን ጎን የሚዘጋው ሰው ወይም ረዳት ቢወስድላት፣ ያለ አዲስ መኪና፣ ያለ አዲስ ብድር የመስመሩ ፍጥነት ይለወጣል። ከተማው ውስጥ ደግሞ ይህን የሚያውቅ ሰው አልጠፋም። በባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ፋሽን ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት የሚማሩ ልጆች ሥራን በሰፊዎች መካከል ማመጣጠን ሀሁአቸው ነው። ልምምድ የሚወጡት ግን ትልልቅ ፋብሪካ ፍለጋ ነው። አምስት መኪና ያለበት ሼድ ውስጥ ሁለት ሳምንት ቢቀመጡ ለሁለቱም ወገን የተሻለ ነበር፤ ይህ የግል አስተያየቴ ነው።

ታዲያ ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ከሆነ ክምሩ ለምን አይጠፋም? ዋናው ምክንያት አከፋፈሉ ነው። ሰፊው የሚከፈለው በፒስ ነው። ኦቨርሎክ የሚሠራው ልጅ የሚያስበው ስንት ቁራጭ እንዳለፈበት ነው፤ ቀጣዩ ሰው ደረሰበት አልደረሰበት የእሱ ጉዳይ አይደለም። ቢቆም ይጎዳል። ስለዚህ ይከምራል። በእሱ ቦታ ብሆን እኔም እከምራለሁ። “ቀጣዩ ሰው ካልጠየቀህ አትሥራ” የሚለው ደንብ በፒስ ለሚኖር ሰው “ዛሬ ምሳ አትብላ” ማለት ነው። ካይዘን ሲባል ሠራተኛው ፊቱን የሚያዞረውም በስንፍና አይደለም። ትርፉ ለባለቤቱ፣ ኪሳራው ለእሱ እንደሆነ ቀድሞ አስልቶታል።

መፍትሔው ክፍያውን ማዞር ነው፦ ለእያንዳንዱ ቁራጭ ሳይሆን ተመርምሮ ላለፈ ሙሉ ሸሚዝ፣ ለቡድኑ። ያኔ የኦቨርሎኩ ልጅ እጁ ሲፈታ ኮሌታ መገልበጥ ይረዳል፤ ገንዘቡ እዚያ ተይዟላ። ቀላል ነው አልልም። ፈጣኑ ሰፊ “ለደካማው ልሠራለት ነው?” ይላል፤ እውነቱን ነው። ጥሩ እጅ ያለው ልጅ አኩርፎ ወደ ጎረቤት ሼድ ሊሄድ ይችላል። አንዳንዱ ቦታ ከፊሉን ደሞዝ፣ ከፊሉን የቡድን ጉርሻ አድርጎ መጀመር የተሻለ ይሆናል። ባለቤቱም የራሱ ፈተና አለው። ገንዘብ የሚከፍልበት ሰው እጁን አጣጥፎ ለአሥር ደቂቃ ሲቀመጥ ዝም ብሎ ማየት ይከብዳል። “ና እንካ ይህን ቁረጥ” ይላል፤ ማንም ያላዘዘው ሃምሳ ሱሪ ይቆረጣል። ከሰባቱ ውስጥ ኦኖ ከሁሉ የከፋ ያለው ይህንን ነበር፤ ያለ ጊዜው ወይም ከሚፈለገው በላይ የተመረተ ዕቃ ሌሎቹን ሁሉ ይዞ ይመጣል።

ሁለተኛው ምክንያት መብራት ነው። ከጣና ውኃ ወስዶ 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ እያለ፣ ጢስ ዓባይም በ30 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ እያለ፣ መብራት ይሄዳል። ምሬቱን ሁላችንም እናውቀዋለን፤ አልደግመውም። ብዙም የማይወራው መብራቱ ሲመጣ የሚሆነው ነው። ሁሉም ሰው ያመለጠውን ለማካካስ በየመኪናው ይንደረደራል። የመጀመሪያው ሰፊ አርባ ይሰፋል፣ የመጨረሻው አሥር። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ክምሩ እጥፍ ይሆናል። ከዚያ መብራቱ ተመልሶ ይሄዳል።

መብራት ሲመጣ መጀመሪያ መነሳት ያለበት የመጨረሻው መኪና ነው። ሊያልቅ ጥቂት የቀረው ሸሚዝ ቀድሞ ይለቅ፤ ሊሸጥ የሚችለው እሱ ነው። ከዚያ ከእሱ በፊት ያለው፣ እንዲህ እያለ ወደ ቆራጩ። ጄኔሬተርም ካለ ነዳጁ መቃጠል ያለበት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው። በጨለማው ሰዓት ደግሞ የእጅ ሥራ ሞልቷል፦ ክር መልቀም፣ የቁልፍ ቦታ ማመልከት፣ ለቀጣዩ ትዕዛዝ ክርና መርፌውን በየመኪናው አጠገብ ማዘጋጀት። ይህች የመጨረሻዋ ትንሽ ትመስላለች። ሺጌዎ ሺንጎ የሚባለው የጃፓን መሐንዲስ ቶዮታ ውስጥ አራት ሰዓት የሚፈጀውን የአንድ ትልቅ መጭመቂያ ማሽን ሻጋታ መቀየር ወደ ሦስት ደቂቃ ያወረደው ከዚህ ተነስቶ ነው፤ ማሽኑ ሳይቆም ሊዘጋጅ የሚችለውን ሁሉ አስቀድሞ ማዘጋጀት። ከሰማያዊ ክር ወደ ቡኒ ለመሄድ ክሩን ገበያ ወጥቶ የሚፈልግ ሰፊ፣ መኪናውን አቁሞ ነው የሚሄደው። ክር መቀየር እንዲህ ሲከብድ ደግሞ ሰው “አንዴ ከጀመርኩ ሰማያዊውን ልጨርስ” ብሎ ይከምራል።

ሼዱ ብቻውን የማይፈታው ብክነትም አለ። ወደ ጎንደር በሚወስደው መንገድ ወረታ ድረስ ሂዱ። የፎገራ ሩዝ የሚፈለፈለው እዚያ ነው። ከአንድ ኩንታል ያልተፈለፈለ ሩዝ ወደ 20 ኪሎ ቅርፊት፣ ወደ 10 ኪሎ ፉርሽካ፣ ቀሪው 70 ኪሎ ገደማ ነጭ ሩዝ ነው፤ በጥሩ ማሽን። ዋጋውን የሚወስነው ግን ከዚያ ውስጥ ስንቱ ሙሉ ፍሬ፣ ስንቱ ስብርባሪ ነው የሚለው ነው። ሩዙ ሲሰባበር ሰው የሚሰድበው የማሽኑን ባለቤት ነው። ማሽኑ ጥፋት የለበትም አልልም። ነገር ግን ፍሬው ለመፈልፈል 14 በመቶ አካባቢ እርጥበት ይፈልጋል። ከዚያ በላይ ከረጠበ ይጨፈለቃል፤ ማሳ ላይ ከልክ በላይ ደርቆ ጤዛ ከመታው ደግሞ ገና ሳይፈለፈል ውስጡ ይሰነጠቃል። ረጅምና አጭር ፍሬ አንድ ጆንያ ውስጥ ከተደባለቀ ማሽኑን ለየትኛው ያስተካክለው? ጉድለቱ የታየው ወረታ ነው፤ የተፈጠረው ግን አጨዳው ዘግይቶ፣ ወይም አውድማ ላይ፣ ወይም ነጋዴው ከአሥር ገበሬ ሰብስቦ ሲቀላቅል። አዲስ ማሽን ከመግዛት በፊት ጆንያው ላይ ከየት እንደመጣና መቼ እንደታጨደ መጻፍ ቢጀመር፣ ወጪው የማርከር ዋጋ ነው።

ካይዘን ለኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ2009 እስከ 2011 በጃፓን ድጋፍ በ30 ድርጅቶች ተሞከረ፤ በ2011 ኢንስቲትዩት ተቋቋመለት። “ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት፣ ማላመድ፣ ማዝለቅ” የሚሉት አምስቱ ማዎች በየግድግዳው ተለጥፈዋል። የመጀመሪያዎቹን ሦስቱን እንወዳቸዋለን፤ ጎብኚ ከመምጣቱ በፊት በአንድ ቅዳሜ ያልቃሉ። ወለሉ ቢጫ መስመር ይቀባል፣ መቀስና ሜትሩ በሥዕላቸው ልክ ይሰቀላሉ፣ ፎቶ ይነሳል። ክምሩም በመስመሩ ውስጥ ተስተካክሎ ይቀመጣል። ንጹሕ ክምር! ቦርዱ ላይ “የካይዘን ልማት ቡድን” ተብሎ የተጻፈው ስም ከዓመት በፊት ሥራ የለቀቀ ሰው ሆኖ ይገኛል። ሥልጠናውን አልነቅፍም፤ መቀስ ፍለጋ ሃያ ደቂቃ ከመዞር የተሰቀለ መቀስ ይሻላል። ነገር ግን አንድ ሸሚዝ ከመቆረጥ እስከ መታጠፍ ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ያልለካ ሼድ ምን እንደተሻሻለ ማወቅ አይችልም። ለመለካት ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም። ቆራጩ አንዱ ጥቅል ላይ ሰዓቱን በጠመኔ ይጻፍበት፤ ያ ጥቅል መተኮሻው ጋ ሲደርስ ሰዓት ማየት ነው።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ፤ ሁለቱ ክምችቶች የሚገናኙት ገንዘብ ላይ ነውና። ሼዱ ውስጥ 300 ሸሚዝ ተቆርጦ በመኪኖች መካከል አለ እንበል። ለአንዱ አንድ ሜትር ተኩል ብንል 450 ሜትር ጨርቅ ነው። አምስት አምስት መቀባበል ተጀምሮ በመሀል ያለው ወደ 40 ሸሚዝ ቢወርድ፣ ወለሉ ላይ የሚቀረው 60 ሜትር ነው። የቀረው 390 ሜትር ጣቃው ላይ ሳይቆረጥ ይቆያል። ገንዘቡ አልተረፈም፣ ጨርቁም አልቀነሰም፤ ግን ነገሩ ሌላ ሆኗል። የተቆረጠ 32 ቁጥር 32 ቁጥር ነው፤ ትምህርት ቤቱ ትዕዛዙን ቢያጥፍ ወይ መጠኑን ቢቀይር ለማንም አይሆንም። ያልተቆረጠው ግን ሌላ ቁጥር ይሆናል፣ ቀለሙ ከገጠመ ለሌላ ትምህርት ቤት ይሆናል፣ እጅ ሲያጥር ይሸጣል። መንገድ ሲዘጋ ባለ ሼዱ የሚመካበትም እሱው ነው። ያ ጣቃ መከላከያዬ ነው ብሎ የሚከራከር ሰው፣ ጣቃውን ቀድሞ ቆርጦ እንዳይጨርሰው መጠበቅ አለበት።